በጀርባው የሚገባው ከርከሮና ሦስቱ ሐኪሞች

ጆሯችሁ እዚህ ነው? «እዚህ ነው» በሉኝ እንጂ። ዝም ላለ ሰው ተረት አልነግርም። እሺ፣ አሁን ሰማሁ።

ድንጋይም ግድግዳም እንደ እኔና እንደ እናንተ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር አያ ከርከሮ የሚባል አባወራ ይኖር ነበር። ሚስቱ እመት ወለላ ትባላለች። ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ታላቁ ሸጋው፣ መካከለኛው ድንቡሼ፣ ትንሿ ትርንጎ። ከድንቡሼና ከትርንጎ መሀል ሌላ ልጅ ነበራቸው፤ ስሙ ጥጋቡ ነበር፣ ባለፈው ክረምት ሞተባቸው። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ስሙን የሚያነሳ አልነበረም።

የከርከሮ ዘር አንድ ልማድ አለው። ቤቱ ጉድጓድ ነው፤ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ግን ፊቱን አያስቀድምም። በሩ ላይ ይደርሳል፣ ዘወር ይላል፣ ከዚያ በመቀመጫው ወደ ኋላ እየተሳበ ይገባል። ነብር ከበሩ ቢመጣ የሚቀበለው ክራንቻ እንዲሆን ነው። የአያ ከርከሮ አያት እንዲህ ገባ፣ አባቱ እንዲህ ገባ፣ እሱም እንዲህ ይገባል። እንግዳም ቢመጣ በዚያው ሥርዓት ነው። ፊቱን አስቀድሞ የሚገባ ሌባ ነው፣ ሌባ ካልሆነ ባለጌ ነው።

አገባባቸውም በተራ ነው። መጀመሪያ ትንሹ ልጅ ይገባል። ከነብር የሚርቀው፣ ሞቃቱ፣ የተወዳጁ ቦታ ከመጨረሻው ግድግዳ ሥር ነዋ። ቀጥሎ መካከለኛው፣ ቀጥሎ ታላቁ፣ ቀጥሎ እናት፣ በመጨረሻ አባት፣ ክራንቻውን ወደ በሩ አድርጎ።

እንግዲህ አስቡት። በዚያ ቤት ሰባት ትውልድ ኖሯል። የቤቱን ውስጥ በዓይኑ ያየ ግን አንድም አልነበረም። እኔ ይህን መጀመሪያ ስሰማ ደንግጬ «እስቲ ድገሙልኝ» ብያለሁ።

ከርከሮ ሲሮጥ ደግሞ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ አይታችሁ ይሆናል። አንድ ቀን ጠዋት ቤተሰቡ ለግጦሽ ሲወጣ የሸጋው ጅራት ቆመ፣ የድንቡሼ ጅራት ቆመ፣ የትርንጎ ጅራት ግን ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ትርንጎ፣ ጅራትሽን የት ጣልሽው?» አላት አባቷ እየሳቀ።

«አልቆም አለኝ፣ አባዬ» አለች።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። እመት ወለላ ቀረብ ብላ የልጇን ከንፈር በአፍንጫዋ ገለጥ አደረገች። ድዷ ነጭ ሆኗል፣ ደም የሚባል የለበትም። እናትየዋ ክው አለች። ጥጋቡም የጀመረው እንዲህ ነበር፤ መጀመሪያ ጅራቱ ወደቀ፣ ቀጥሎ ድዱ ነጣ፣ ቀጥሎ እሱ ራሱ ወደቀ።

«ሐኪም ያስፈልገናል» አለች። «ለዚህች ብቻ አይደለም። ለሁላችንም የሚሆን፣ ቤታችንን የሚያውቅ ሐኪም ያስፈልገናል። ለወንድሟም ያኔ ብንፈልግለት ኖሮ…»

አያ ከርከሮ ሐኪም መምረጥ ጀመረ። እዚህ ላይ ነው ቆሽቴ የሚያረው። ይህ ሰውዬ ጭቃ ውስጥ ከመንከባለሉ በፊት ጭቃውን ሦስት ጊዜ አሽትቶ፣ ማን እንደተኛበት ጠይቆ፣ ዞሮ አይቶ ነው የሚገባ። ለሸጋው ሚስት ሲያጭለት ደግሞ የልጅቷን ዘር እስከ ሰባት ቤት አስቆጥሯል። ለልጁ ነፍስ ሐኪም ሲመርጥ ግን የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። የጠየቀውም ከበሩ አጠገብ ያለውን ድንጋይ ነው፤ መንገደኛ ሁሉ እየተቀመጠበት ስለሚያወራ ድንጋዩ የማያውቀው ወሬ የለም።

«አንተ ድንጋይ፣ ትልቁ ሐኪም ማን ነው?» አለው።

«ትልቁን ከሆነ የምትፈልገው ጉሬዛ ነው» አለ ድንጋዩ። «ዋርካው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ነጭ ካባ አለው። ከሥሩ የሚሰለፈው በሽተኛ ወንዙ ድረስ ይደርሳል።»

«ያ ሁሉ ከተሰለፈማ ነገር ቢኖረው ነው» አለ አያ ከርከሮ። ልጁን ይዞ ሄደ።

ግማሽ ቀን ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ ጉሬዛ ከዋርካው ጫፍ ሆኖ ነጭ ካባውን በትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ምላስሽን አውጪ» አላት።

ትርንጎ አወጣች።

«አየሁት። አስገቢው።»

«ጌታዬ፣ ከዚያ ላይ ሆነው ታየዎት?» አለ አያ ከርከሮ።

«ስንቱን ከዚህ ሆኜ አይቼ ሸኝቻለሁ። ልጅህን ፀሐይ ነው የመታት። ከቤት አታውጣት። ከውስጠኛው ቦታ አስተኛት፣ ሦስት ቀን ከዚያ አትነሳ።»

«ጌታዬ፣ ባለፈው ክረምት ደግሞ ወንድሟ…»

«ቀጣይ» አለ ጉሬዛ።

ቀጣዩ ሚዳቋ ነበር። አያ ከርከሮ ቃሉን ዋጠና ልጁን ይዞ ተመለሰ። ትልቅ ሐኪም እንዲህ ችኩል መሆኑ የሥራ ብዛት ነው ብሎ ለሚስቱ ነገራት። ትርንጎን ከመጨረሻው ግድግዳ ሥር አስተኟት። አንድ ቀን ተኛች፣ ሁለት ቀን ተኛች፣ ሦስት ቀን ተኛች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሲጠሯት በእግሯ መምጣት አልቻለችም፤ እናቷ በጀርባዋ ገብታ፣ ጅራቷን አስነክሳ ጎትታ አወጣቻት።

አያ ከርከሮ ደነገጠ። ድንጋዩ ላይም ጮኸበት።

«ምን ዓይነት ሐኪም ነው የነገርከኝ? ቃሌን እንኳ ሳያስጨርሰኝ። እኔ የምለውን የሚቀበለኝ፣ ከእኔ ጋር የሚስማማ ሐኪም ነው የምፈልገው።»

«ከአንተ ጋር የሚስማማ ከሆነ የምትፈልገው ቅል አለ» አለ ድንጋዩ። «ከጭነት አህያ ላይ ወድቆ ከግራሩ ሥር የቀረው። ከእሱ ጋር የተጣላ በሽተኛ ሰምቼ አላውቅም።»

አያ ከርከሮ ልጁን በጀርባው ተሸክሞ ወደ ግራሩ ሄደ። ቅል በትልቅ ሆዱ ደልደል ብሎ ተቀምጧል። ከሆዱ የሚወጣው ድምፅ ወፍራም ነው፤ ሲሰሙት ደስ ይላል።

«ሐኪም ቅል፣ ልጄን ብርድ የመታት ይመስለኛል» አለ አያ ከርከሮ።

«ብርድ ነው የመታት» አለ ቅል።

«ወይስ የሰው ዓይን ይሆን?»

«የሰው ዓይንም አለበት።»

«ኮሶም ሳይኖራት አይቀርም። ሆድህ ውስጥ የሚሸተኝ የኮሶ መድኃኒት ነው፤ ላጠጣት?»

«ኮሶማ አለባት። መድኃኒቱም እኔ ሆድ ውስጥ አለ። አጠጣት።»

አያ ከርከሮ ደስታው ወሰን አጣ። «ሐኪም ማለት እንዲህ ነው። ሁሉንም ከአፌ ነጠቀኝ» አለ። መራራውን የኮሶ መድኃኒት ለትርንጎ አጠጣት። ያ መድኃኒት የጎልማሳ ሆድ የሚያጥብ ነው፤ ትንሽ ልጅ እንዴት ትችለዋለች። አንድ ቀን አስቀመጣት፣ ሁለት ቀን አስቀመጣት፣ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን መግለጥ አቃታት።

አባትየው እየሮጠ ወደ ቅል ተመለሰ። ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ልጄ ልትሞትብኝ ነው» አለ።

«ልትሞትብህ ነው» አለ ቅል።

አያ ከርከሮ ቅሉን በአፍንጫው ገፋ አደረገው። «አትሞትም በለኝ እንጂ።»

«አትሞትም» አለ ቅል።

«የቱ ነው እውነቱ?»

«እውነቱ» አለ ቅል። «እውነቱ…»

አያ ከርከሮ ቀረብ ብሎ በቅሉ አፍ ወደ ውስጥ አየ። ባዶ ነው። ታች የቀረች ትንሽ የኮሶ አተላ ብቻ ነበረች። የሰማው ሁሉ የራሱ ድምፅ ነበር። ለካ ልጁን ያከማት ራሱ ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱ እንኳ ጠፍቶት ነበር።

ቤት ሲደርስ እመት ወለላ ድንጋዩ ፊት ቆማ አገኛት። አሁን የምትጠይቀው እሷ ናት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ድንጋይ፣ በሽተኛውን አክሞ ከሄደ በኋላ፣ እንዴት አደረ ብሎ ተመልሶ ደጁን የሚረግጥ ማን ነው?»

«እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ ድንጋዩ። «ሙጭልጭላ ናት። የጅግራን ቤት ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የምታክመው እሷ ናት። በዚህ በኩል ስታልፍ አይቻታለሁ፤ ሁልጊዜ ስትመለስም አያታለሁ።»

«ሙጭልጭላ?» አለ አያ ከርከሮ። «ያቺ ከኩይሳ ሥር ጉንዳን የምትለቅመው? ካባ እንኳ የላት።»

ሚስቱ ሄዳ ይዛት መጣች።

ሙጭልጭላ ረጅም አፍንጫ ያላት፣ ከትርንጎ ራስ የማትበልጥ ትንሽ እንስሳ ናት። ደርሳ ምላስ አውጪ አላለችም። መጀመሪያ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች፣ ቀጥሎ አሸተተቻት፣ ቀጥሎ የሆዷን ጠጉር ገለጥ ገለጥ እያደረገች አየች። ከጠጉሩ ሥር ቀያይ ነጠብጣብ ሞልቷል።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ትንሽ ልጅ ሁሉ አለበት» አለች እናቷ። «ሲያድጉ ይጠፋል።»

«ስትተኛ የት ነው የምትተኛው?»

«ከመጨረሻው ግድግዳ ሥር። የትንሹ ልጅ ቦታ ነው።»

«ከእሷ በፊት እዚያ ማን ይተኛ ነበር?»

ሸጋው መሬት መሬቱን አየ።

«ጥጋቡ» አለች እመት ወለላ። ስሙ በዚያ ደጅ ሲጠራ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

«የሞተውን ምን አነሳው?» አለ አያ ከርከሮ ደም ሥሩ ተገታትሮ። «የታመመችው ይህችው ናት። ያለችውን አክሚ።»

«ከጥጋቡስ በፊት?» አለች ሙጭልጭላ፣ ቁጣውን እንዳልሰማች ሁሉ።

«እኔ» አለ ድንቡሼ ከኋላ። «እኔም ያኔ ጅራቴ ወድቆ ነበር። ጥጋቡ ሲወለድ ቦታውን ለቀቅኩለት። ከዚያ ተሻለኝ።»

ይህን ሲል ሁሉም ዘወር ብለው ወደ ጉድጓዱ አዩ። ሙጭልጭላ ተነሳችና ወደ ጉድጓዱ በር ሄደች።

«ቤቱን ልየው።»

«ግቢ» አለ አያ ከርከሮ። «ግን እንደ ሥርዓቱ በጀርባሽ።»

«ጀርባዬ ላይ ዓይን የለኝም።»

«የአያቴን ሥርዓት በልጄ በሽታ ምክንያት አላፈርስም። ፊቱን አስቀድሞ እዚህ የገባ ፍጥረት የለም። አይኖርምም።» ይህን ብሎ በሩ ላይ ተጋደመ፣ ክራንቻውን ወደ እሷ አዞረ።

«ያላየሁትን በሽታ ስም አልሰጠውም» አለች ሙጭልጭላ። «ደስ እንዲልህ ብዬም አንድ ነገር አላጠጣትም።» ትታቸውም አልሄደች፤ ተመልሳ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠችና በጅራቷ ዝንብ ትከላከልላት ጀመር።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ጎረቤት ከርከሮዎች ወሬ ሰምተው ተሰበሰቡ። ትርንጎ አንድ ጊዜ ብቻ «እማዬ» አለች፤ ድምፅዋ አልወጣም፣ ከንፈሯ ነው የተንቀሳቀሰው።

እመት ወለላ ተነሳች። ወደ በሩ መጣች። ባሏ እንደ ልማዷ ዘወር የምትል መስሎት ገለል አለላት። እሷ ግን ዘወር አላለችም። ሣር ስትግጥ እንደምታደርገው በፊት ጉልበቶቿ ተንበረከከች፣ ራሷን ዝቅ አደረገች፣ ፊቷን አስቀድማ ገባች።

ጎረቤቱ ሁሉ ደነገጠ። አንዷ ከርከሮ ልጆቿን ሰብስባ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞረች። አያ ከርከሮ የሚስቱን መቀመጫ በበሩ ወደ ውጭ ዞሮ ሲያየው በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

ተንበርክካ ስለሄደች የቀኑ ብርሃን በጀርባዋ ላይ አልፎ እስከ መጨረሻው ደረሰ። ግድግዳውን አየችው። ግድግዳው ይንቀሳቀሳል።

«ማን ነሽ?» አለ ግድግዳው።

«የቤቱ እመቤት ነኝ።»

«ፊትሽን አላውቀውም» አለ ግድግዳው። «ሰባት ትውልድ የማውቃችሁ በመቀመጫችሁ ነው።»

«ላይህ ላይ የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው?»

«መዥገር ነው። በስንጥቆቼ ውስጥ ይኖራል። ትንሹን ልጅ ስታስጠጉብኝ ይወጣል፣ ይጠጣል፣ ተመልሶ ይገባል። ትልልቆቻችሁ ጋ ለመድረስ አይደክምም፤ ቅርቡ እያለለት።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ሰባት ትውልድ ሙሉ ነገርኩ። ጆሯችሁ በበሩ በኩል ነው።»

ከዚያ ከአንዱ ስንጥቅ አንድ ያበጠ መዥገር ብቅ አለ። ጨዋ ነው፣ ድምፁ ለስላሳ ነው።

«እመት፣ እርስዎ ነዎት?» አለ። «እናመሰግናለን። ሁልጊዜ ትንሹን ለእኛ ያስቀድሙልናል።»

እኔ ይህን ስናገር ሰውነቴ ይሰቀጥጠኛል። የእሷን አስቡት። ልጆቿን አንድ በአንድ በአፍንጫዋ እየገፋች «ግባ፣ እዚያ ይሞቅሃል» ስትል የነበረች እሷ ናት።

ከቤቷ በጀርባዋ ወጣች። ፊቷ ላይ አፈር ነበር። ለባሏ፣ ለጎረቤቱ፣ ለሁሉም ያየችውን ነገረቻቸው። በመጨረሻም «እኔ ነኝ የመገብኳቸው» አለች።

«መልካም ቦታ መስሎሽ ነው» አለች ሙጭልጭላ። «ልቅሶውን አቆይው፣ ጊዜው ይመጣል። አሁን ልጅቷን እዚህ ፀሐይ ላይ አስተኝተሽ አጥቢያት። ዛሬ ማንም እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አይተኛም።»

«ትድናለች?» አለ አያ ከርከሮ። ክራንቻው ወደ መሬት ዘንበል ብሏል።

«አላውቅም።»

እንደገና ደነገጠ። አላውቅም የሚል ሐኪም ሰምቶ አያውቅም።

«የሚነክሳት እንዳይኖር ማድረግ እችላለሁ» አለች። «ደሟን የምትተካው ግን ራሷ ናት። ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ አያታለሁ።»

ከዚያ ፊቷን አስቀድማ ገባች። በሩ ላይ የከለከላት አልነበረም። በትንንሽ ጥርሶቿ ከየስንጥቁ መዥገሩን እያወጣች ለቀመችው። ያን ቀን አላለቀም። በማግስቱም መጣች፣ በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ ጭቃ ለብሳ መጣች። መጀመሪያ ልጅቷን ታያለች፣ ድዷን ታያለች፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ትገባለች። ግድግዳውን ስትጨርስ ስንጥቁን በእርጥብ ጭቃ እንዲመርጉት አዘዘች።

ድዷ ቶሎ አልቀላም። ለብዙ ቀን የሚያስታውቅ ነገር አልነበረም፤ እመት ወለላ ተስፋ ልትቆርጥ ምንም አልቀራት። አንድ ጠዋት ሸጋውና ድንቡሼ ሲሮጡ ትርንጎ ተከትላቸው ተነሳች። ጅራቷ ትንሽ ቀና አለ፣ ወደቀ። እንደገና ቀና አለ፣ ወደቀ። ከዚያ ቆመ። እናቷ ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ስታለቅስም ስሙን እየጠራች ነበር፣ የጥጋቡን።

አያ ከርከሮ ድንጋዩን «ለምን መጀመሪያ ሙጭልጭላን አልነገርከኝም?» አለው።

«ትልቁን ጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ። የሚስማማህን ጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ» አለ ድንጋዩ። «እኔ ድንጋይ ነኝ። የተጠየቅኩትን ነው የምመልስ።»

ለሙጭልጭላ ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ የቤታችን ሐኪም እርስዎ ይሁኑልን» አላት። ካባ የላትም ያላትን፣ አንቺ ሲላት የነበረውን አሁን እርስዎ አላት።

«እሆናለሁ» አለች። «ስትታመሙ ብቻ ግን አልመጣም። ደህና ስትሆኑም መጥቼ አያችኋለሁ። አንተም ቤትህን ራስህ እየው።»

እሷ ከሄደች በኋላ አያ ከርከሮ በሩ ላይ ተንበረከከና ፊቱን አስቀድሞ ገባ። ግድግዳው አሁን ንጹሕ ነው፣ ጭቃው ደርቋል።

«ፊትህ እንዲህ ነው ለካ» አለው ግድግዳው።

ከግድግዳው ሥር ትንሿን ጎድጓዳ አያት፤ ትንንሾቹ ሁሉ በየተራቸው እየተኙባት የተቦረቦረች ናት። ከእሷ ጀምሮ ወለሉ ላይ የትንሽ ሰኮና ጭረት አለ። ጭረቱ ወደ በሩ በኩል ይሄዳል፤ ትልልቆቹ ከሚተኙበት ሲደርስ ይቆማል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«ጥጋቡ ነው» አለ ግድግዳው። «ከእኔ ሸሽቶ ወደ እናንተ ሊመጣ ሲቧጥጥ ነበር። መውጫውን ዘግታችሁ ተኝታችኋል። አንተ ፊትህን ወደ በሩ አድርገህ ነብር ትጠብቅ ነበር።»

አያ ከርከሮ አፍንጫውን ጭረቱ ላይ አድርጎ ተኛ። ሚስቱ ብትጠራውም አልወጣም።

ከርከሮ ዛሬም በጀርባው ነው የሚገባ፤ ነብር አሁንም አለና። የዚያ ቤት ልጆች ግን ቀን በብርሃን አንድ ጊዜ ተንበርክከው፣ ፊታቸውን አስቀድመው ገብተው፣ ግድግዳውን ሰላም ብለውት ይወጣሉ። ጉሬዛም እስከ ዛሬ ዋርካው ላይ ነው፤ ሰልፉ አልቀነሰም። ይህ ነው ከሁሉ የሚገርመኝ።

እናንተም ለቤታችሁ ሐኪም ስትመርጡ ከፍ ብሎ የተቀመጠውን አትፈልጉ፣ ቃላችሁን መልሶ የሚነግራችሁንም አትፈልጉ። ገብቶ የሚያየውን፣ ስለሞተውም የሚጠይቀውን፣ የማያውቀውን አላውቅም የሚለውን፣ ሄዶም የሚመለሰውን ምረጡ። የምትመርጡትም የልጃችሁ ጅራት ሳይወድቅ ይሁን።

እኔ ተረቴን እዚህ አወረድኩት፤ የሚሸከም ያንሳው። ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ግን በፊታችሁ ግቡ።